ሊነስ ቦርማንና ተዘቅዝቆ የተቀበረው ጠርሙስ

ሊነስ ቦርማንን ልንሸኝ በዚህ ቤተ ክርስቲያን የተሰበሰባችሁ ወገኖቼ፣ የምታውቁኝ ታላቅ ወንድማቸው ክሌተስ ነኝ። ይህን የሕይወት ታሪክ ማክሰኞ ዕለት ጽፌ ጨርሼው ነበር፤ ረቡዕ ጧት ቀድጄ እንደገና ጻፍሁት። ለምን እንደሆነ ስደርስበት ትሰሙታላችሁ። ድምፄ ቢሰባበርም ሐዘን ብቻ አይምሰላችሁ፤ ድንጋጤው ገና አልለቀቀኝም።

አቶ ሊነስ ከአባታቸው ከአቶ ሮማን ቦርማንና ከእናታቸው ከወይዘሮ ቪዮላ እ.ኤ.አ. በ1953 በዚሁ በኬንታኪ፣ ከከተማችን በስተደቡብ በሚወርደው ጅረት ዳር ተወለዱ። በዚያ ጅረት ዳር አያታችን ፊዴሊስ ቦርማን በቆሎ፣ ጥቂት አጃና የገብስ ብቅል ጠምቀው ቡርቦን የተባለውን ውስኪ የሚያወጡበት ቤት የነበረ ሲሆን፣ አቶ ሊነስ አምስት ዓመት ሲሞላቸው አያታችን ዐረፉ፤ ቤቱም ተዘጋ፤ የቀሩት በርሜሎችም ተሸጠው ማን እንደወሰዳቸው ሳይታወቅ ቀረ። ለቤተሰቡ የተረፈችው አንዲት ጠርሙስ ብቻ ነበረች፤ እርሷም በታላቅነቴ ለእኔ ተሰጠች።

አቶ ሊነስ በደብሩ ትምህርት ቤት ሁለተኛ ደረጃን እንዳጠናቀቁ በአንድ የውስኪ መጋዘን በበርሜል ገፊነት ተቀጥረው ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት አገልግለዋል። ከብዙ ፋብሪካ የመጣ በርሜል በእጃቸው ያልፍ ስለነበር፣ በክዳኑ ላይ የታተመውን ቁጥር ሳያዩ፣ በማሽተት ብቻ፣ የማን እንደሆነና አጃው ምን ያህል እንደሆነ ይናገሩ ነበር። አለቆቻቸው አንድ ቀን ሊያሳስቷቸው አምስት ብርጭቆ ቢደረድሩላቸው፣ እርሳቸው አምስቱንም በየስማቸው ጠርተው ወደ ሥራቸው ተመልሰዋል።

እንደምታውቁት የአያት ሥዕል የተለጠፈበት ጠርሙስ ሁሉ አያት ያለው አይደለም። የራሱ ውስኪ ማውጫ ቤት የሌለው ሰው ከትልቅ ፋብሪካ በርሜል ይገዛል፣ በራሱ ስም ያሽጋል፣ አያቴ ነው የሚለውን ያልነበረ ኮሎኔል ይፈጥርና ሥዕሉን ይለጥፋል። መግዛቱ ነውር የለውም፤ ነውሩ ኮሎኔሉ ላይ ነው። የእንዲህ ያለውን ጠርሙስ እውነተኛ ምንጭ ማወቅ የሚሻ ሁሉ የሚመጣው ወደ አቶ ሊነስ ነበር። እርሳቸውም በስተጀርባ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን አንብበው፣ ቀምሰው፣ የጭነት መኪና ሾፌሮችን ከቁርስ ገበታ ላይ ጠይቀው፣ ሁሉንም በአንድ ጥቁር ደብተር ይጽፉ ነበር። አንድ የሉዊቪል ጥርስ ሐኪም በደብራችን የዓርብ የዓሣ ጥብስ ግብዣ ላይ ጠርሙሱን ይዞ ሲኩራራ፣ «ዶክተር፣ የዚህ ጠርሙስ አያት ከወንዙ ማዶ ኢንዲያና ተወልዶ ኢንዲያና ያደገ ነው፤ ኬንታኪን ያየው በጭነት መኪና ሲያልፍ ነው» ያሉት እስከ ዛሬ ይወራል።

እኔ «የቦርማን ምንጭ» ብዬ የምሸጠውን ጠርሙስ ግን አንድም ቀን አልነኩም። «የወንድምህስ ከየት ነው?» ያላቸው ብዙ ነበር፤ እርሳቸው ግን ሳቅ ብለው ወሬ ይለውጣሉ። እኔም ወንድምነታችንን አክብረው ነው ብዬ ደረቴን ነፍቼ ኖርሁ።

እ.ኤ.አ. በ1982 ሰኔ ወር ላይ ወይዘሮ ማርሴላን አገቡ። ከዚህ በኋላ ያለው ማክሰኞ የጻፍሁት ወረቀት ላይ አልነበረም።

የሠርግ ቀን እንዳይዘንብ፣ አንድ ወር ሲቀረው ሙሉ የቡርቦን ጠርሙስ ቃል ኪዳኑ በሚፈጸምበት ሜዳ ተዘቅዝቆ እንደሚቀበር፣ በሠርጉ ዕለትም ወጥቶ እንደሚጠጣ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ያልቀበረ ቤተሰብም እዚህ የለም። የአቶ ሊነስን ጠርሙስ የምቀብረው እኔ ነበርሁ፤ የአያታችንን ጠርሙስ እንደምቀብርም ለአገር ምድሩ አውርቼ ነበር። ሣጥኑን ስከፍት ጠርሙሷ ባዶዋን ናት። እኔ ጅሉ እንደ ወይን ጠጅ አጋድሜ አስቀምጫት፣ ውስኪው ቡሹን በልቶ፣ ለዓመታት ጠብ ጠብ ሲል አልቋል። የፊዴሊስ ቦርማን የልጅ ልጅ ሆኖ ውስኪ የሚያጋድም ሰው! ይህ ለማን ይነገራል? ለመጠጥ ቤቴ በደላላ ከኢንዲያና ካስመጣሁት በርሜል ቀድቼ ሞላኋት፣ አዲስ ቡሽ ወተፍሁባት፣ በሰም አሽጌ ቀበርኋት።

በሠርጉ ዕለት አንዲት ጠብታ አልዘነበም። ጠርሙሷ ወጥታ ሽማግሌዎቹ ሲቀምሱ፣ የፊዴሊስ እጅ ይህ ነው እያሉ አለቀሱ። አቶ ሊነስ ቀመሱ፤ ከዚያም ትከሻዬን ያዝ አድርገው «ዝናቡን ይዞልናል፤ ይበቃል፣ ክሌት» አሉኝ። ምስጋና መስሎኝ ነበር። የሽማግሌዎቹ እንባ ልቤን አሳብጦት በዓመቱ የአያታችንን ሥዕል ለጥፌ፣ ከጅረታችን ውኃ የተሠራ ብዬ፣ ሕግ የሚያዘውን የኢንዲያናን ስም እንኳ ሳልጽፍ «የቦርማን ምንጭ»ን ጀመርሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጆቼን ያሳደግሁት፣ የዚህን ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ያሳደስሁት በዚያ ውሸት ነው።

ረቡዕ ጧት ወይዘሮ ማርሴላ፣ ቀኖቹን አስተካክልበት ብለው ጥቁሩን ደብተር ሳይከፍቱ ሰጡኝ። የመጀመሪያውን ገጽ ገለጥሁ። የተጻፈው በሠርጋቸው ማግስት ነው፤ እንዳለ አነብላችኋለሁ፦ «የሠርጌ ጠርሙስ። የአያቴ አይደለም። አጃው በዝቷል፤ ከወንዙ ማዶ ነው። ክሌት ምን ቸግሮት ይሆን? የአያቴን በርሜሎች ማን እንደገዛቸው ፈልጌ አገኝለታለሁ።»

ክው ብዬ ቀረሁ። እስከ መጨረሻው እየገለጥሁ አነበብሁ። ያ ሁሉ ምርመራ፣ ያ የሾፌር ጥየቃ፣ ያ የኮሎኔል ማጋለጥ፣ መንገድ ላይ የተገኘ ኖሯል እንጂ ዋናው ፍለጋ ለእኔ ነበር። በየገጹ ግርጌ «ይህም የአያቴ አይደለም» ይላል። አርባ አንድ ዓመት ሙሉ። እኔ በዚያን ጊዜ ምን እያልሁ ነበር? ሊነስ ሥራ ፈት ሆኗል እያልሁ አማቸው ነበር።

የመጨረሻው ገጽ ያለፈው ጥቅምት ነው። የአያታችንን በርሜሎች የገዛው ሰው ልጅ፣ ባሏ የሞተባት ሴት፣ በኦወንስቦሮ ከተማ እንደምትኖር አግኝተው ሄደዋል። ከምግብ ማስቀመጫዋ መደርደሪያ ላይ አንዲት ጠርሙስ ቆማለች፤ የአያታችን ስምና ዓመተ ምሕረቱ የታተመበት፣ በቡሹ ላይ የተለጠፈው አረንጓዴ የቀረጥ ወረቀት አልተቀደደም። የዓሣ ማጥመጃ ጀልባቸውን በምትክ ሰጥተው ወሰዷት። ጀልባው የት ገባ ብዬ ስጠይቃቸው መቅዘፍ ሰልችቶኛል ያሉኝ ለካ ይህ ነበር።

ከገና በኋላ ልባቸው ደከመ። ሐኪሞች የሚችሉትን ሁሉ ቢያደርጉም፣ ባለፈው እሑድ፣ በሰባ አንድ ዓመታቸው፣ ማርሴላ እጃቸውን እንደያዙ ዐርፈዋል። የልጃቸው የብሪጅት ሠርግ የዛሬ ወር እንደሆነ ታውቃላችሁ። በሐዘኔ ምክንያት አንድ ቀን እንኳ እንዳይተላለፍ ብለው ለሚስታቸው ተናዘዋል።

ጠርሙሷን ደብተሩ በጠቆመኝ ቦታ፣ ከዕቃ ቤታቸው ቁም ሣጥን ውስጥ አገኘኋት። አንገቷ ላይ በክር የታሰረ ወረቀት አለ፦ «ክሌት፣ ይህችኛዋ የራሳችን ናት። ለብሪጅት ቅበራት። እስከዚያው አደራህን፣ አታጋድማት።»

አታጋድማት! ያንንም ሳልነግራቸው ደርሰውበት ኖሯል። ከእኔና ከፈጣሪ በቀር ማንም አያውቀውም ብዬ የተሸከምሁትን ነውር ወንድሜ አርባ አንድ ዓመት አብሮኝ ተሸክሞታል፤ አንድ ቀን እንኳ ፊት አልነሣኝም። ይቅርታ፤ አንቱ ማለቱን ረሳሁት። ታናሼ ነው።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ለመታሰቢያቸው እንድንጠጣ በአዳራሹ ጠረጴዛ ላይ በተደረደረው «የቦርማን ምንጭ» ውስጥ ከጅረታችን አንዲት ጠብታ የለችም። የምትጠጡ እያወቃችሁ ጠጡ። ከሰኞ ጀምሮ የአያታችን ሥዕል ይነሣል፣ ኢንዲያናም ይጻፋል። ከዚያ በኋላ ማን እንደሚገዛኝ አላውቅም፤ ማን ሰላም እንደሚለኝም አላውቅም፤ ፈርቻለሁ። ብሪጅት ልጄ፣ አንቺም ማርሴላ፣ ከሰው ሁሉ ጋር እኩል ስላሰማኋችሁ ይቅር በሉኝ፤ ለብቻችሁ ብነግራችሁ ኖሮ እዚህ ላይ ቆሜ አልናገረውም ነበር።

አቶ ሊነስ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ማርሴላን፣ አንዲት ልጃቸውን ብሪጅትን፣ አንድ ጥቁር ደብተርና ለእርሳቸው የማይመጥን አንድ ወንድም ትተው አልፈዋል። ሰው እውነቱን የሚደብቅበት ምክንያት በሌለበት ስፍራ፣ ከአያታችንና ከወላጆቻችን ጎን እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ያሳርፍልን።

አሁን እንነሣ። እርሳቸውን አሳርፈን ስንመለስ በሠርጉ ሜዳ አንድ ትንሽ ጉድጓድ ይቀረናል፤ አካፋው መኪናዬ ውስጥ ነው። ጠርሙሷን ብሪጅት ይዛልኛለች፤ አቁማ።