አሥራ ሰባት ቁጥር ፍየል

ከፍሪሞንት ወደ ኦክላንድ በሚሄደው ባቡር ላይ ከፊቴ የተቀመጡት ሁለት ሴቶች በሹክሹክታ የሚያወሩ መስሏቸው ነበር።

"ሳን ፓብሎ ሰናይት ቤት ለክርስትና ሄጄ፣ ጓሮዋ ውስጥ ምን ባይ ጥሩ ነው? ፍየል!"

"ታዲያ ሰው ፍየል አይገዛም?"

"የኛ ፍየል ናት እኮ! ሊቨርሞር ካለው በረታችን!"

"ኧረ ባክሽ፣ ፍየል ሁሉ አንድ ነው።"

"ጆሮዋ ላይ ቁጥር የተጻፈበት ታግ አለ። ባሌ 'ለዚች ለዚች ፍየል ምን ታግ ያስፈልጋል' ሲል፣ ሕግ ነው ብዬ ለመንግሥት አፕላይ ያደረግኩት እኔ። ጆሮዋን የበሳሁትም እኔ። የበረታችን ቁጥር፣ ከሥሩ አሥራ ሰባት።"

"ቁጥሩ ምን ያደርጋል?"

"አንዷ ብትታመም በሽታው ከማን በረት እንደወጣ ለማወቅ ነዋ!"

"ሸጦላት ይሆናላ።"

"ሞተች ነው ያለኝ! 'በገዛ እጄ ቀበርኳት' ብሎ ሲተክዝ፣ አይዞህ ብዬ ያጽናናሁት እኔ ነኝ።"

"ወይ ጉድ! ሰናይትን አልጠየቅሻትም?"

"ማን ሰጠሽ አልኳት። 'ወዳጅ' አለችኝ፣ ቀና ብላ እንኳን ሳታየኝ።"

"እሱንስ?"

"የፍየሎቹን መዝገብ አመጣሁና አሥራ ሰባት ቁጥር ላይ 'ሞታለች' ብለህ ፈርም አልኩት።"

"ፈረመ?"

"የሞተችበትን ቀን ሳይቀር ጽፎ!"

ሳላስበው እጄ ወደ ጆሮዬ ሄዶ፣ ባለቤቴ ለልደቴ የሰጠኝን ጉትቻ ይደባብስ ጀመር።