ያላነጠፍኩት አልጋ

ከሰቃ ከተማ እስከ ጅማ ስለ ሆቴል እንደ እኔ የሚያውቅ ሰው የለም። ማኪያቶ ያልጠጣሁበት የሆቴል በረንዳ ጅማ ውስጥ አይገኝም፤ አንዱም ሆቴል ውስጥ ግን ተኝቼ አላውቅም።

ባለፈው ከሰቃ በሚኒባስ ስመጣ፣ ከፊቴ የተቀመጡት የጅማ ቡና ነጋዴና ሚስቱ ለሽርሽር በሚሄዱባት ሮም የሚያርፉበትን ሆቴል ስልክ ላይ እያዩ ይመርጡ ነበር።

«ይኼኛው ባለ አምስት ኮከብ ነው» አለች ሚስት። «መታጠቢያው ብቻ የእኛን ሳሎን ያህላል።»

«እህቴ ሮም ቤት እያላት ሆቴል ብናድር ዘመድ ምን ይላል፣ የነጂብ እናት?» አለ ባል።

«ዘንድሮ ቡናው ቀናቸው ይላል።»

«እሷስ? ለእኛ ብላ ፍራሽ ሁሉ ገዝታለች።»

«ሻይ ጠጥተንላት፣ መርቀናት እንመለሳለን።»

«ትቀየመኛለች።»

«ስማኝማ። ካገባኸኝ ጀምሮ ዘመድህ ለሕክምና ሲመጣ እኛ ቤት፣ ለፍርድ ቤት ሲመጣ እኛ ቤት፣ ዝናብ ሲይዘው እኛ ቤት ነው የሚያድረው። ማን አነጠፈለት?»

«አንቺ።»

«እህትህ ቤት ካደርን ጠዋት ዕቃውን ማን ያጥባል?»

ባል ስልኩን ለሚስቱ መለሰላት።

«አንድ ጊዜ እንኳ እኔ ያላነጠፍኩት አልጋ ላይ ልተኛ፣ ወላሂ።»

«ዱጋ፣ እውነቷን ነው፤ እሺ በሏት» አሉ ከኋላ አንዲት የማያውቋቸው እናት።

ነጋዴው ስልኩን ከሚስቱ ተቀብሎ አየው።

«እንግዲያው ሰገነት ያለውን ነው የምንይዘው። ቁርስ አልጋ ድረስ ያመጣሉ ይላል።»

«አልሐምዱሊላህ። ለእህትህ ግን አንተ ደውል።»

እኔም ጅማ ያለችው የወንድሜ ሚስት ሳትጠራኝ አንድ ሳምንት ቤቷ ልከርም የያዝኩትን ሻንጣ በእግሬ ወደ ወንበሩ ሥር ገፋሁት።