ከገደሉ በታች

ከዳባት ወደ ደባርቅ በሚኒባስ ስንጓዝ፣ ከፊቴ ብርድ ልብስ የምትነግድ ወጣት ሴትና አንድ ሽማግሌ ሸማኔ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር። ሽማግሌው ጉልበታቸው ላይ የተቀደደ ባና፣ የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ ይዘዋል።

«አባቴ፣ ይህን አሮጌ ወዴት ይወስዱታል?» አለቻቸው።

«ልጠግነው ነው። የአንዲት ባልቴት ነው፤ ባሏ ሃያ ክረምት ለብሶታል።»

«እሳቸው ከእኔ አዲስ ቢገዙ አይሻላቸውም? መልኩም ያምራል።»

«ያንቺው ስንት ክረምት ያገለግላል?»

«ሁለት። ቢበዛ ሦስት።»

«ከዚያስ?»

«ይጣላላ! ደባርቅ፣ በእኛ ሰፈር ገደሉ ውስጥ ነው የሚጥሉት።»

«እኔ ከዚያ ገደል በታች ነው የምኖር።»

«ውይ!»

«አምና ጎርፍ ያወረደውን የብርድ ልብስ ቁራጭ ላሜ በላችው። ፕላስቲክ ነገር ነው፣ አይፈጭ። ሆዷ ተነፍቶ ሞተች። ስንከፍተው ቀይ አበባ ያለበት ጨርቅ ወጣ።»



«ቀይ አበባ ያለበትን የማመጣው እኔ ነኝ» አለች።

«ልከስሽ ብዬ አይደለም፣ ልጄ። ሰው ይበርደዋል። እኔም ለሁሉ ሸምኜ አልደርስ።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«እንጃ። እኔ የማውቀው ጨርቅ ሲያልቅ ለሌላ ነገር እንደሚሆን ነው።»

«ገዢዎቼን ያረጀውን መልሱልኝ ብላቸውስ? ፍራሽ ይሞላበታል።»

«ይመልሱልሻል?»

«እለምናቸዋለሁ።»

«እንግዲያስ ፍራሹን እኔ እሰፋልሻለሁ፤ ዓይኔ ገና አልደከመም።»

ደባርቅ ገብተን መውረጃዬን ስናልፈው በመስኮቱ እያየሁት፣ የሁለቱን ጨዋታ ላለማቋረጥ «ወራጅ አለ» ሳልል ቀረሁ።