የሽታዬን ሠርግ ያዘገዩት የአቶ ሀብተጊዮርጊስ አድነው ዜና ሕይወት

ከቦዲቲም ከበዴሳም በእግር በበቅሎ የደረሳችሁልን ወገኖች፣ ጥቂት ታገሡን፤ ዛሬ አፈር የምናለብሳቸው አቶ ሀብተጊዮርጊስ አድነው ዕድሜያቸው ቢያጥርም የሚወራላቸው ብዙ ነውና።

አቶ ሀብተጊዮርጊስ ከአባታቸው ከአቶ አድነው ወልዴና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፈጠነች ይመር በ፲፰፻፹፮ ዓ.ም. በሸዋ ተወልደው፣ ገና በአንቀልባ ሳሉ ወላጆቻቸው ወደ ሶዶ ሲመጡ አብረው መጥተው፣ እዚሁ አደጉ። ከደብሩ መሪጌታ ዘንድ ፊደል ቆጥረው፣ ዳዊት ደግመው፣ ለቅስና ሲታሰቡ፣ የእጅ ጽሕፈታቸውን የወደዱ ዳኛ ወስደው የችሎት ጸሐፊ አደረጓቸው፤ መሪጌታውም ዳኛውን እስኪሞቱ ድረስ እንዳኮረፏቸው ቀሩ። እኅታችንን ወይዘሮ አዛለችን በቁርባን አግብተው መብራትንና ሰብስቤን ወልደዋል።

በችሎቱ ከአስተርጓሚው ከአቶ ዳና ኤርካሎ ጋር ጎን ለጎን ተቀመጡ። አቶ ዳና የወላይታ ልጅ፣ የወንጌል አማኝ፣ አማርኛን ከእኛ ይልቅ አሳምረው የሚናገሩ ሰው ናቸው፤ አንዱ ሲጾሙ ሌላው እየበሉ፣ በሃይማኖት ሲከራከሩ ውለው ማታ አብረው የሚገቡ ወዳጆች ሆኑ። በ፲፱፻፳፫ ዓ.ም. ሽታዬ ስለምትባል ኮረዳ አንድ ታሪክ በተራ መጻፍ ጀመሩ፤ ሕጋቸውም አንዱ ቅዳሜ የአንዱ፣ ተከታዩ የሌላው ሆኖ፣ የባለተራውን ጽሑፍ ሌላው እንዳይሰርዝ፣ ምን ልትጽፍ ነው ብሎም እንዳይጠይቅ ነበር። በገበያ ቀን፣ ሽማግሌዎች በሚሸንጉበት ዱቡሻ፣ አቶ ሀብተጊዮርጊስ በአማርኛ ሲያነቡ አቶ ዳና በወላይትኛ ይመልሱታል፤ ባለጨውም ጨዉን ትቶ ያዳምጥ ነበር።

አቶ ዳና ሽታዬን ለነጋዴው ለቦልቴ ሊድሯት ቸኩለው ነበር። አቶ ሀብተጊዮርጊስ ግን፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ነገር ማንዛዛት የሚወዱ ሰው ስለ ነበሩ፣ በተራቸው ቦልቴን ኦሞን ሲሻገር አሰጠሙት። ወሬው በዴሳ ሲገባ ታሪክነቱ ቀርቶ ነጋዴው ቦልቴ ሞተ ሆኖ ገባና፣ ወይ ጉድ፣ ለቀስተኛው ደረቱን እየደቃ ከአቶ ሀብተጊዮርጊስ ደጅ ሞላ፤ ወይዘሮ አዛለችም ላልተፈጠረ ሟች ንፍሮ ቀቅለው አስተናገዱ።

አቶ ዳና ግን አልሳቁም። ሕዝብ ያለቀሰለትን ሰው በብዕር አላስነሣም ብለው ታሪኩን አቆሙት፤ በችሎትም የባለጉዳዩን ቃል ለዳኛው ይተረጉማሉ እንጂ ወደ ጸሐፊው ፊታቸውን አያዞሩም ነበር። በመጨረሻ ሽማግሌዎች ተቀምጠው፣ ቦልቴን ያጠፋ ሀብተጊዮርጊስ ነውና ለካሣው አንድ ተራ ይልቀቅ ብለው ፈርደው አስታረቋቸው። አቶ ዳናም በተደራረበው ተራቸው ለሽታዬ ሻንቆ የሚባል ሌላ እጮኛ አመጡላት። ከዚያ ወዲህ እሳቸው ሠርጉን ባቀረቡ ቁጥር፣ አቶ ሀብተጊዮርጊስ አንዴ ጎርፍ፣ አንዴ የአማቶች ኩርፊያ እየፈጠሩ ሲያርቁባቸው ዓመታት አለፉ፤ ሕዝቡም እየተራገመ ቅዳሜ ሲደርስ ይመጣ ነበር።

ባለፈው ጥቅምት አቶ ሀብተጊዮርጊስ ለድንበር ክርክር ወደ ቆላ ወርደው ወባ ይዟቸው ተመለሱ። ተራው የእሳቸው ነበር። ገበያተኛው አቶ ዳናን አንተ ጻፍልን እያለ ቢለምናቸውም፣ ወዳጄ ተነሥቶ ይጽፈዋል፣ የሰው ተራ አልነካም እያሉ ከአልጋው አጠገብ ተቀመጡ፤ ተራውን ቢወስዱ የወዳጃቸውን ሞት የተቀበሉ መስሏቸው ነበርና። አቶ ሀብተጊዮርጊስ ግን ሞት ላይቀር ማንቋረር ብለው፣ ትራስ ተደግፈው፣ በብዕራቸው ጎርፉን አጎደሉ፣ አማቶቹን አስታረቁ፣ ሻንቆንም ከነሚዜዎቹ ከሽታዬ ደጃፍ አድርሰው እዚያ ላይ አቆሙ። አቶ ዳና አንብበው፣ ታዲያ ለምን አላስገባኸውም ቢሏቸው፣ እኔ ማዘግየት እንጂ መዳር አላውቅም፣ ሠርጉ የአንተ ነው ብለው መለሱላቸው። አቶ ዳና እንደ ሕፃን አለቀሱ። አቶ ሀብተጊዮርጊስም በዚያው ሳምንት፣ በታኅሣሥ ፲፱፻፳፯ ዓ.ም.፣ በተወለዱ በአርባ አንድ ዓመታቸው ዐረፉ።

ባለቤታቸው ወይዘሮ አዛለች፣ ልጆቻቸው መብራትና ሰብስቤ፣ እኛም አማቾቻቸው ኀዘንተኞች ነን፤ አቶ ዳናንም ወይዘሮ አዛለች ከቤተ ዘመዱ ረድፍ አስቀምጠዋቸዋልና፣ እኛን ስታጽናኑ እሳቸውን አትዝለሉ። የሟቹ አደራ አንድ ነው፤ ከአርባቸው በኋላ አቶ ዳና ሠርጉን በሚያነቡበት ቅዳሜ ማንም እንዳይቀር፣ ከል ለብሶ የሚመጣ ካለም ከመንገድ እንዲመለስ። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በደጋጎቹ አባቶች አጠገብ ያሳርፍልን፤ እኛንም ለሠርጉ ያድርሰን። አሜን።