ባለ ጎማው መድፍና ያልተነፋው ጥሩንባ

ቃል ሰጪ፦ የመድፍ ሥራዎች ድርጅት ቦርድ ሰብሳቢ፣ ጡረታ የወጡ ጄኔራል
ዕድሜ፦ 67
አድራሻ፦ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ጀርባ፣ ሰማያዊ በር ያለው ግቢ
ከተጠርጣሪው ጋር ያለው ዝምድና፦ ተጠርጣሪው የቃል ሰጪው እህት ባል ነው
ቃሉ የተሰጠበት፦ ረቡዕ ጠዋት፣ በምርመራ ክፍሉ ቢሮ

ክቡር የምርመራ ክፍል ኃላፊ፣ ቀጥሎም ጉዳዩን የያዙት መርማሪ፣ እንዲሁም ቃሌን የሚጽፉት ባልደረባ፣ እንደየማዕረጋችሁ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጸሐፊዋ ይህም ይጻፍ እንደሆነ ጠይቀው እንዲጻፍ ተፈቅዷል።

ባለፈው ቅዳሜ በተኩስ ሜዳ ስለደረሰው አደጋ በዕለቱ የሰጠሁት ቃል ጎዶሎ ስለነበር፣ ማንም ሳይጠራኝ በራሴ ፈቃድ ቀርቤያለሁ።

ድርጅታችን ባለ ጎማ መድፍ ይሠራል። ለማስረዳት ያህል፣ ተጎታች መድፍ ከመኪና ተፈትቶ እስኪተከልና ተመልሶ እስኪታሰር ጠላት ያለበትን ያውቃል። ባለ ሰንሰለቱ ደግሞ መንገድ ያርሳል፤ ሩቅ አገር ለመሄድም ራሱ በሌላ መኪና ይጫናል። የእኛው በስምንት ጎማ የጭነት መኪና ላይ የተተከለ ስለሆነ በአስፋልት በራሱ ይመጣል፣ ይተኩሳል፣ የጠላት መልስ ሳይደርስበት ይሄዳል። ይሁን እንጂ ጎማ ብቻውን የተኩሱን ምት አይችልም። ስለዚህ በቅድሚያ አራት የብረት እግሮች ወርደው መሬት መያዝ አለባቸው።

እግሮቹ መሬት መያዛቸውን የሚያሳየው መብራት በሙከራ ጊዜ አቧራ እየገባበት አስቸገረን። በዚህ ምክንያት ሾፌሩ ወርዶ አራቱንም በዓይኑ እንዲያይ፣ በአጠገባቸው ሰው አለመኖሩን እንዲያረጋግጥ፣ ወደ ጋቢና ተመልሶም አንድ ረጅም ጥሩንባ እንዲነፋ፣ ተኳሹም ያን ሳይሰማ እንዳይተኩስ ደንብ አወጣሁ። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ራሴ ነኝ። ሠራተኞቹ "መድፋችን እንደ ታክሲ ነው፣ ሳይጮህ አይነሳም" እያሉ ይስቁ ነበር። በዚያ ደንብ ስንሠራ ግን አንድም ሰው ጭረት እንኳ አላገኘውም።

ተጠርጣሪውን ሾፌር በጋራዡ "ቀስ በል" እያሉ ይጠሩታል። ቅዳሜ ጠዋት፣ መድፉ ሲተኩስ ለማየት የተጋበዙ እንግዶች ከመግባታቸው በፊት፣ ከእንግዶቹ ድንኳን ጀርባ አስጠራሁት።

"ዛሬ ጥሩንባ የለም" አልኩት። "በክቡራን እንግዶች ፊት የሰርግ አጃቢ እንዳንመስል።"

"ታዲያ ተኳሹ በምን ይወቅ፣ ጋሼ?"

"ንግግሬን ስጨርስ እጄን አነሳለሁ።"

"የእርስዎ ንግግር ከሆነማ እግሩን አውርጄ፣ ምሳዬንም በልቼ እደርሳለሁ።"

ሁለታችንም ሳቅን። ተኳሹንም ጠርቼ እጄን ብቻ እንዲጠብቅ አዘዝኩት።

ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር የመኪናው የኋላ ግራ የብረት እግር ጭቃ ውስጥ ሰመጠ። ሾፌሩ እግሩን መልሶ አነሳው፤ መድፉን ጥይት አጉርሶ የወረደው አጉራሽም ከሥሩ ሳንቃ ለማስገባት ተንበረከከ። ይህን ሁሉ ያወቅኩት በኋላ ነው፤ ከመድረኩ ላይ የሚታየኝ የመኪናው ግንባር ብቻ ነበር። እንግዶቹን በማዕረጋቸው ቅደም ተከተል እያመሰገንኩ ገና ሦስተኛው ላይ ስደርስ፣ የበላዩ ክቡር እንግዳ ሰዓታቸውን ሲመለከቱ አየሁ። ደነገጥኩ። የቀረውን ትቼ እጄን አነሳሁ። በሕይወቴ ንግግር ያሳጠርኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሾፌሩ እጄን አይቶ "ቆይ" እያለ ሲጮህ ሰው ሰምቶታል። ጥሩንባውን ሊነፋ አይችልም ነበር፤ በእኛ ዘንድ ጥሩንባ ማለት ተኩስ ማለት ነውና። ተኳሹ እንደታዘዘው ተኮሰ። መኪናው ወደ ግራ ዘምሞ የአጉራሹን ቀኝ እግር ከሳንቃው ጋር ጨፈለቀው። ሐኪሞች ከጉልበቱ በታች ቆርጠውታል።

በስፍራው ስጠየቅ "ጥሩንባ መንፋት የሾፌሩ ኃላፊነት ነው" ብዬ መለስኩ። ቃሉ በደንቡ መሠረት ትክክል ነበር፤ ዓላማው ግን ራሴን ማዳን ነበር። ሾፌሩ በዚያው ተያዘ። ስለ ትእዛዜ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ተኳሹም እኔ እስክናገር ይጠብቅ ነበር።

እሑድ እህቴ ቤቴ መጣች። አልተቀመጠችም።

"አልነፋሁም ብቻ ነው የሚለው። ለምን ሲሉት ዝም" አለችኝ። "ወንድም ጋሼ፣ እሱ ሰው ሳይነፋ የቀረበት ቀን አለ? ለገዛ በራችን እንኳ ይነፋል እኮ።"

"ምናልባት ደንግጦ ይሆናል" አልኳት።

"እንግዲያስ አንተ አትደንግጥ" ብላኝ ወጣች። ከዚያ በኋላ ስልኬን አታነሳም።

ትናንት ከሰዓት በኋላ አጉራሹን ለመጠየቅ ሆስፒታል ሄድኩ። ገና ሃያ አምስት ዓመት ያልሞላው ሰው ነው። ስገባ ሊነሳ ሞከረ፤ ከዚያ እግሩ ትዝ አለውና ተወው።

"አለቃ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለኝ። "ጥሩንባ ስላልሰማሁ ነው ከሥሩ የገባሁት። ቀስ በል ደግሞ ሳይነፋ አያስተኩስም። ነፍቶ ይሆናል፤ ጆሮዬ ነው የከዳኝ። ሐኪሙን ጆሮዬን እይልኝ ብዬዋለሁ።"

እግዜር ይማርህ ብዬው ወጣሁ። ደረጃው ላይ ተቀምጬ ሳለ አንዲት ነርስ ውኃ አምጥታ "አባባ፣ ታካሚው ልጅዎ ነው?" አለችኝ። አዎ አልኳት፤ ይህም እውነት አልነበረም።

እዚህ ላይ መርማሪው የምሰጠው ቃል በራሴ ላይ ማስረጃ ሊሆን እንደሚችልና ማቋረጥ እንደምችል አስረድተውኛል። እንዲቀጥል ጠይቄያለሁ።

በትዕግሥት ላዳመጡኝ የክፍሉ ኃላፊ፣ ለመርማሪውና ለጸሐፊዋ ከልብ የመነጨ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ምርመራችሁ የተቃና እንዲሆን፣ በራችሁ ላይ የሚጠብቁት የሾፌሩ ቤተሰቦችም እሱን ዛሬውኑ እንዲያገኙት እመኛለሁ።

ከላይ የሰፈረው ተነቦልኝ የራሴ ቃል መሆኑን አረጋግጫለሁ፤ ማንም አላስገደደኝም። ጥሩንባው አልተነፋም። እንዳይነፋ ያዘዝኩት እኔ ነኝ። የአጉራሹ ጆሮ ደህና መሆኑ እንዲነገረው በፊርማዬ እጠይቃለሁ።

የቃል ሰጪው ፊርማ __________
የመርማሪው ፊርማ __________
የጸሐፊዋ ፊርማ __________