ሙሽራዋ ፀጉሯን አልቆረጠችም

ከመገናኛ የተሳፈርንበት ታክሲ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡ አንዲት እናት ስልክ ያወሩ ነበር።

«አልቆረጥኩትም ጋሼ። ኧረ በፍጹም! እሺ፣ ደህና ይዋሉ።»

አጠገባቸው ያለችው ወጣት አላስቻላትም።

«ምኑን ነው እማማ ያልቆረጡት?»

«ፀጉሬን። የደወሉልኝ የፊልም ዳይሬክተር ናቸው፣ ድሮ አገር ያጨበጨበላቸው። እንጦጦ ላይ አንድ ፊልም ጀምረን ነበር። ሙሽራዋ እኔ ነኝ።»

«ሲሪየስሊ? የት ልየው?»

«መች አለቀና! ፀጉሬን ፈትቼ በባሕር ዛፉ መሐል እየሮጥኩ የምወርድባት ቦታ ቀረች። ክረምት ገባ፤ ከዚያ መንግሥት ተለወጠ፤ ከዚያ ካሜራ የሚይዘው ሰውዬ ሞተ።»

«እና እስካሁን ይጠብቃሉ?»

«ፀጉሬ ከተቆረጠ ከፊተኛው ጋር አይገጥምማ። መስከረም በጠባ ቁጥር ይደውላሉ። ‹ዘንድሮ እንጨርሳታለን፣ ፀጉርሽን እንዳትነኪ› ይሉኛል።»

«ሌላ ፊልም አልሠሩም?»

«ጀምረው የተዉት ብዙ ነው። ሌላውን ሁሉ ረስተውታል፤ ይቺን ብቻ ነው የያዟት።»

«ግን እማማ፣ አይቆጡኝና… አሁን ሙሽራ ይሆናሉ?»

ሳቁ።

«ባለፈው ልጠይቃቸው ሄጄ ሹሩባዬን በእጃቸው ዳሰሱት። ‹ያው ነሽ፣ ምንም አልተለወጥሽም› አሉኝ።»

«አያዩም እንዴ?»

«ዓይናቸው ከጠፋ ቆየ። ታዲያ እኔ ምን ብዬ ልንገራቸው ልጄ?»

ቀበና ላይ ሲወርዱ ነጠላቸው ከራሳቸው ሸርተት አለና፣ ወገባቸው ድረስ የወረደውን ነጭ ሹሩባ እያየሁ እኔም እዚያው ወራጅ መሆኔን ረሳሁ።