ሐጂን ለሽምግልና የጠራሁ ቀን

ጎረቤቶቼ ባልና ሚስት፣ ሐይቁ ዳር ባለች ቤታቸው የናይጄሪያና የኬንያ ልብ ወለድ በአማርኛ እያሳተሙ ይሸጣሉ። ባልየው «የሩቅ አገር ታሪክ እዚህ ማን ያነብልናል» እያለ ሁሌ እንደተጨነቀ ነው።

ያን ቀን ጎመን ጥጄ በአጥሩ በኩል ጆሮዬን ጣል ሳደርግ ሚስትየዋ፣ «ከእናትህ ጋር አንድ ጣራ ሥር አላድርም፤ ልጆቼን ይዤ እሄዳለሁ» አለች። እሱም ቀዝቀዝ ብሎ፣ «ሂጂ፤ መንገዱን ጨርቅ ያርግልሽ» አላት። ልጅ እንደሌላቸው እንኳ ትዝ አላለኝም። የሰፈራችንን አስታራቂ ሐጂ ሰዒድን ከሱቃቸው አስነሥቼ እያጣደፍሁ ይዣቸው ገባሁ።

ሁለቱ ወረቀት ይዘው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ለካ መጽሐፉ ከመታተሙ በፊት ስሕተቱን ለመልቀም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነቡታል፤ ጠቡ የመጽሐፉ ሰዎች ነው። እኔ አፍሬ ወደ በሩ ሳፈገፍግ ሐጂ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«እና ሴትዮዋ ሄደች?»

«ገና አልደረስንበትም፣ ሐጂ።»

«እንግዲያው አንብቡት። ሱቄን ዘግቼ መጥቼ ነገሩን ሳልጨርስማ አልነሣም።»

ባልየው ፊቱ በራ፤ ከመጀመሪያው ገጽ ጀመረላቸው። እኔስ? የሚያርረው ጎመኔ ሽታ አጥር ተሻግሮ ሲመጣ እያወቅሁ፣ ንባቡ ሴትዮዋ ጓዟን ስትሸክፍ ላይ ደርሶ ስለነበር አልተነሣሁም።